ይታይሽ

ሰውዬው ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር መጣ፤ ነጭ ጓንት አጥልቆ
የእናቴን ሣጥን ከፈተ፣ ቁስል እንደሚፈታ ተጠንቅቆ።
ከክዳኑ ሆድ ተለጥፎ፣ ጥግ ጥጉን ምስጥ የቀመሰው
አንድ የሲኒማ ወረቀት፣ የኩራዝ ጭስ ያለበሰው፦
ፈረስ የያዘች ሴት፣
ከኋላዋ እሳት።
ሰማዩ ተቀዶ ቢደርሰን፣ ሠዓሊው ልየው ደፈነው፤
የጣናን ማለዳ ቀባበት፤ ከሥር ብቅ ያለው ጉማሬ የሱ ፊርማ ነው።
ከግርጌው «ዛሬ ማታ» ይላል።
አርባ ዓመት ሙሉ፣ ዛሬ ማታ ይላል።

«ታሪኩስ ምንድን ነው?» አለኝ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።
«ባሏን ሸሽታ ነው፣ በሌሊት ፈረሱን ፈትታ፤
ሐይቅ ዳር ስትደርስ ታንኳ አጥታ፣
ፈረሱን ከደንገል አጫጅ ለውጣ
ተሻገረች።»
«ደንገል» ስለው ቀና አለ። ግን ጻፈ።
«እሳቱስ?»
«ምሶሶውን ራሷ ለኩሳው።»
ይህንንም ጻፈ።

ያልነገርሁት፦ እናቴ፣ ስም አውጪ ሲቀልድባት ይታይሽ የተባለችው፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያች መስኮት ትኬት እየቆረጠች
አንድም ፊልም አላየችም።
ውስጥ መብራት ሲጠፋ እሷ ሳንቲም ትቆጥራለች፤
ከግድግዳው ወዲያ ፈረስ ሲጋልብ ትሰማለች፤
የቀረውን ከወረቀቱ ፊት ትለቅማለች፣
ለእኛ ልታመጣ፣
ራት በሌለ ማታ።

ሰውዬው ዋጋ ጠራ። ደህና ዋጋ።
የጣሪያዬን ቀዳዳ አየሁ፣ የእሱንም ጓንት።
የሠፈሩ ልጆች ደጃፉ ላይ ተኮልኩለዋል፤
ሴትዮዋ ከተሻገረች በኋላ ምን እንደሆነች ገና አልነገርኋቸውም።
ሣጥኑን ዘጋሁ።
«ነገ ና» አልሁት፤ «ዛሬ ማታ ፊልም አለ።»