ለአዋቂ ብቻ

ሊፍት ጠጋኝ ነኝ፤ አማጋሳኪ፣ ከወንዙ ማዶ ባሉት ፎቆች፤
ሌሊት ነው ተራዬ፤ ውሎ አዳሬ ከገመድ፣ ከግራሶ፣ ከቁልፎች።
ትናንት ወይዘሮ ቶኩሃራ ደውለው ተቆጡኝ፤ እውነት አላቸው፤
ሁለትን ሲጫኑ አምስት፣ ሦስትን ሲጫኑ አምስት፤ ሊፍቱ ነው የመረጠላቸው።
ሳጥኑን ብከፍት ሽቦው ቀልጦ ሁሉም ካንዱ ተጣብቋል፤
መብራቱ ብቻ ነው ደህና፤ በነኩት ቁጥር "እሺ" ብሎ ይደምቃል።
ፈታሁ፣ ለየሁ፤
ሁለትን ለሁለት፣ ሦስትን ለሦስት ሰጥቼ ወጣሁ።

ሊነጋጋ ሲል ቤቴ ገባሁ፤ የደረቀ ሩዝ ቀማምሼ
የገዛሁትን ጨዋታ ከፈትኩ፤ መጋረጃዬን መልሼ።
ሥዕል ነው፣ ንባብም ነው፤ ሰው እያነበበ የሚመርጥበት፤
ሽፋኑ ላይ በቀይ ቀለም "ለአዋቂ ብቻ" የሚል አለበት።

ቺዙሩ ትባላለች፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ፤ ፋርማሲ ቆማ የዋለች፤
ከጣቢያው ደጅ፣ ዝናብ ላይ፣ ያለ ጃንጥላ ቀርታለች።
"ዛሬ ብቻዬን ብሆን ደስ ይለኛል" አለች፤ ቃሏን ሳታድበሰብስ፤
ጨዋታው ቆመ፤ ሦስት ምርጫ ዘረጋ፤ ጣቴ እስኪመልስ።

     ጃንጥላህን ስጣት።
     ምንም ሳትል አብረሃት ቁም።
     ደህና እደሪ ብለሃት ሂድ።

ሦስተኛውን ነካሁ። ብቻዬን ብላለች፤ ጆሮ አለኝ፣ ሰምቻለሁ፤
"ደህና እደሪ" አልኳት፤ በሐሳቤ ባቡሬ ላይ ተቀምጫለሁ።
ጨለመ። አንድ መስመር መጣ፦ "ልቧ ግን ሌላ ይል ነበረ"።
ሲበራ እኔ ክፍል ናት፤ ጃንጥላዬ ከጥግ ተገተረ።
የቱ ጃንጥላ? መቼ ሰጠኋት?
ተመልሼ ሁለትን ነካሁ፦ ያው ክፍል፣ ያው መብራት፤
አንድን ነካሁ፦ ያው አልጋ፣ ያው ትንፋሽ፣ ያችው ሴት።
ዞሮ ዞሮ ከቤት ይባላል፤ እዚህ ዞሮ ዞሮ ካልጋ፤
ሽቦው ቀልጧል፤ መብራቱ ብቻ ነው ደህና፤ ሌሊቱም ነጋ።

እንዳይመስላችሁ፣ መነኩሴ አይደለሁም፤ ሥጋዬም ሥጋ ነው፣ ይሞቃል፤
ስድስት ሺህ የን የከፈልኩት ለምን እንደሆነ ሻጩም ያውቃል።
ግን እምቢ ማለት የማትችል ሴት፣ እሺታዋ ምን ይጣፍጣል?
በር በሌለው ቤት ያደረውን፣ እንግዳ ነው ማን ይለዋል?
ቃሏ መንገዴን ካላጠፈ፣ ቃሌም ፊቷን ካልለወጠ፣
ከሁለታችን ማን አወቀ? ማንስ ማንን መረጠ?

አራተኛ ሞከርኩ፤ ግትር ነኝ፤ ሥራዬ ያስተማረኝ ግትርነት፤
ጆሮዬን በማዳመጫው ደፍኜ፣ ያችን ጨለማ ጠበቅኳት።
ከዝናቡ ሥር፣ እጅግ ዝቅ ብሎ፣ የባቡር በር ሲዘጋ ሰማሁ፤
ከዚያ እሷ፣ ለራሷ፣ ስታንጎራጉር፤ ሁለት ሰከንድ፤ ከዚያ አጣሁ።

አንድ ሰው ጽፎት ነበር ማለት ነው! ባቡር ይዛ የምትሄድበትን፣
ጫማዋን አውልቃ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ሾርባ የምታሞቅበትን።
ድምፁ ተቀርጾ ሥዕሉ ቀርቶ ይሆናል፤ ገንዘብ አጥሮ፣ ቀን ደርሶ፤
አለቃው "ይሄን ማን ይመርጠዋል?" ብሎ ይሆናል፣ ሲጋራውን ለኩሶ።
እኔ መርጬው ነበር።

ከስሞቹ ዝርዝር ግርጌ አገኘሁት፦ "ጽሑፍ፣ ኦጊሱ"። ፊደሉ ደቃቅ፤ ወዲያው አለፈ።
ስልክ ቢኖረው ፒንሳዬን ይዤ፣ በእግሬም ቢሆን በመጣሁ፤
"ሳጥኑን ክፈትልኝ፤ የቀለጠው የት ላይ እንደሆነ አውቃለሁ።"

መልሼ ወደ ጣቢያው ወሰድኳት። ሦስቱ ምርጫ ተደረደሩ።
አንዱንም አልነካሁ።
ሰው ወደ ሥራው ሲወጣ፣ እኔ ብርድ ልብሴን ስቤ ተኛሁ፤
እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በእንቅልፌ መሐል፣ ዝናቧን ሰማሁ።
ማንም አልወሰዳትም።