መለኪያ

ድምፁን ነው የሰማሁ፥ መኪናውን ሳላይ፣
ከጣርማ በር ወርዶ፥ ሲታጠፍ ደጄ ላይ፤
ግርርር፥ ቀጭ፥ ግርርር፥ እንደ ታመመ ጥርስ፣
ከኋላ ከሆዱ፥ ብረት ብረት ሲቆርስ።

ዘርፈሽዋል ወረደች፥ ከመሪው ተነሥታ፣
የመሀል ሜዳ ገብስ፥ ጭና ሌሊት ነቅታ።
«ሴሚያስ ነው?» «አይደለም።» «ኩሽኔታ?» «አይደለም፤
ቀጥ ብሎ ሲሄድ፥ ጩኸት የሚባል የለም።»

ከሥሩ ተንጋለልኩ፥ ቡሎኑን ፈታሁት፣
የወረደውን ዘይት፥ በጣቴ ነካሁት፤
ድኝ ድኝ ይሸታል፥ መስሏል ጥላሸት፣
ብልጭ ብልጭ ይላል፥ የብረት ዱቄት።

«ሌላው ዲፍረንሻል፥ ሞኝ ነው ልንገርሽ፣
አንድ ጎማ ጭቃ ውስጥ፥ ሲሾር እያየሽ፣
ጉልበቱን በሙሉ፥ ለሚሾረው ሰጥቶ፣
በደረቅ የቆመው፥ ይቀራል ተረስቶ።
ያንቺው ግን ሆዱ ውስጥ፥ ስስ ፍሪሲዮኖች
ተነባብረው አሉ፥ እንደ ዳዊት ቅጠሎች፤
ይያያዛሉ፥ አንዱ ብቻውን እንዳይሮጥ፣
ይለቃቀቃሉ በልክ፥ በመታጠፊያው ውስጥ።»

«መቶ አርባውን ቅዳ፥ ወፍራም ይሻላል» አለች፣
የሾፌሮችን ምክር፥ ለቃቅማ እንደመጣች።
«ማለዳ መሀል ሜዳ፥ ውርጭ መስተዋት ሲልስ፣
ወፍራም ዘይት ይረጋል፥ ሞራ እስኪመስል ድረስ፤
ሸዋ ሮቢት ስትወርጂ፥ በእኩለ ቀን ሐሩር፣
ቀጭኑ ውሃ ይሆናል፥ ጥርስ ጥርስን ሲሰብር።
አንቺ በአንድ ቀን ውስጥ፥ ደጋም ነሽ ቆላም ነሽ፣
ሰባ አምስት ዘጠና፥ እሱ ነው የሚበጅሽ።»

«ዋጋው?» ነገርኳት።
ዝም ብላ ገብሱን አየች፣
በልቧ አንድ ኩንታል፥ ከጭነቱ አወረደች።

ከዘይቱ ሌላ ትንሽ ጠርሙስ አለች፣
ፍሪሲዮን የምታባብል፣
ድርቅ ብሎ እንዳይናከስ የምታለሰልስ።
እዚህ ላይ ልናዘዝ።
አምና ክረምት፥ ለወንድሟ ለወንድይፍራው፥ ለዚሁ መኪና፣
ጠርሙሷን ሙሉ ደፋሁባት።
ጩኸት አልወድም።
መኪናው ዝም አለ፤ ሰው ሁሉ እጅህን ይባርከው አለኝ።
በነሐሴ መዘዞ ላይ ጭቃ ያዘው፤
ፍሪሲዮኖቹ ሙልጭልጭ ብለው፥ ማንም ማንንም ሳይዝ፣
አንዱ ጎማ ሲሾር፥ ሌላው ቆሞ ሲያይ፣
ሁለት ሌሊት አደረ፥ ሽንኩርቱ በሰበሰ።
«ጎማህ ተልጦ ነው» አልኩት። ጎማ ገዛ።

ይህን ሁሉ ዛሬ ለእህቱ ነገርኳት፣
ከመኪናው ሥር ሆኜ፥ ፊቷን እንዳላይ።
የላስቲክ ቦቲዋ ብቻ ይታየኛል።
ቦቲዎቹ ቆሙ። ዞሩ። አስፋልቱን ተሻገሩ።
ሄደች አልኩ።

ተመለሰች፤ ከጌጤነሽ አረቄ ቤት
አንድ መለኪያ ይዛ።
«በዚህ ለካ» አለች፥ ጎንበስ ብላ፥ ሌላ ቃል ሳትጨምር።
አንድ ቀዳሁ። ሁለት ቀዳሁ። ሦስት።
አራተኛውን ሳነሣ እጄን ያዘችው፦
«አራተኛው ያሰክራል።»

ባዶው የከብት ገበያ ላይ፥ በቀስታ፥ በቀስታ፣
ስምንት ቁጥር ጻፈች፥ በጎማ በእርጋታ፣
አንዴ ወደ ቀኝ ጠቅልላ፥ አንዴ ወደ ግራ፣
አዲሱ ዘይት ገብቶ፥ በየቅጠሉ እንዲሠራ።
መጀመሪያ ጮኸ፤ በአራተኛው ቀነሰ፣
በዐሥረኛው ጉርምርምታ ብቻ፥ እሱም ያነሰ።
«ትንሽ ቀርታለች» አለች።
«ትቅር» አልኳት፤ «እሷ ናት መዘዞ ላይ የምታወጣሽ።»

ሒሳብ ስንተሳሰብ የወንድሟን ሽንኩርት
በኪሎ ቆጥራ ቀነሰች፤ ጎማውንም።
አልተከራከርኩም።

መለኪያውን ሦስቴ በሳሙና አጠብኩት፣
በአመድም ፈተግኩት፤
ጌጤነሽ አሽትታ መለሰችልኝ።
አሁን መደርደሪያዬ ላይ፥ ከቁልፎቹ መሀል ተቀምጧል፣
ድኝ ድኝ እየሸተተ።