ሁለት መርፌ፣ አንድ ሞላ

ቤታችን ውስጥ ሁለት የሐላዋ ቆርቆሮ ነበረ፤
ክዳኑ ላይ የተሳለው ግመል በዝገት የታወረ።
አንዱ የእናቴ ነው፤ ግንብ ገበያ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ፤
አንዱ የአባቴ፤ ከዱቄት ፋብሪካው ደጅ ሌሊቱን ገፊ።

በእሷ ውስጥ ቁልፍ፣ ቀይ ክር፣ ጠመኔና መርፌ።
በእሱም ውስጥ መርፌ።
የእሱ ግን ቀዳዳ የለው፣ ክርም አያሳልፍ፤
የጥይት ቂጥ አንዴ ወግቶ የሚያርፍ።

ሲሞኖቭ ነው ጠመንጃው፤
ሦስት ዘበኛ ቀብሮ ነው አባቴ እጅ የገባው።
አስር ይጎርሳል። አንዱን ተፍቶ ሌላውን ራሱ ይስባል፤
ለእያንዳንዱ ግን ጣት ይጠይቃል።
«ደግ ነገር ነው» ይል ነበር አባቴ፣ «አስር ጊዜ ያሳስባል።»

ሁለት መርፌ፣ አንድ ሞላ፣ የቀለህ ማውጫ ጥርስ፣
ስሟን የማላውቃት አንዲት ፒን፣ ከክብሪት እንጨት የምታንስ፤
ሁሉም በዘይት በራሰ ጨርቅ ውስጥ፣ እንደ አራስ ተጠቅልለው።
መርፌዎቹን ከጡረተኛው አስር አለቃ ከዱጉማ ነው ያመጣቸው፣
ወንጂ ድረስ ሄዶ፣ በስኳር ለውጦ።
ሞላውን ግን ፍራንኮ ያለ የባጃጅ ጋራዥ ነው የሠራለት፤
«ይሠራል?» ስንለው፣ «እስካሁን» ይላል፣ «ማንም አልሞከረበት።»

«ሌሊት ሱቅ የለም፤ ብረት ሲሰበር የማን በር ይንኳኳል? የማንም።
መለዋወጫ የሌለው ዘበኛ ከፍልጥ ተሸካሚ አይሻልም።»
እናቴ ክሩን በጥርሷ ትበጥስና
ዝም።

የአዳማ ነፋስ ያን ሌሊት አቧራ ሲያፍስ፣ ፌስታል ሲያበርር፣
ኮረብታው ላይ የተርባይኖቹ ቀይ ዓይን ሲከደን ሲገለጥ ነበር።
አጥሩ ላይ ጥላ ወጣ።
«ማነህ?» አለ አባቴ። ጥላው ወደ ከረጢቶቹ መጣ።
«ማነህ!» አለ። ሦስተኛ አላለም።
ቃታውን ሳበ።
ቀጭ።
ሌላ ምንም።

መርፌው ነው የተሰበረው። ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ሰዓት ደረሰ፤
እጁ ወደ ካፖርቱ ኪስ ገሠገሠ፤
ክዳኑን በጨለማ ፈልቅቆ ጣቱን ሲሰድ ተወጋ፤
ቁልፍ ተበተነ፤ ቀይ ክር ሲሚንቶው ላይ ተዘረጋ።

የእናቴ ቆርቆሮ።

«ሌባ!» ብሎ ከመጮህ ሌላ የቀረው አልነበረም።
ጥላው ሽቦውን ዘለለ። ጨርቅ ተቀደደ፤
ሰው ግን አልተቀደደም።

ጠዋት «ማን ለወጠው?» አላት።
«ግመሉ ያው ግመል ነው» አለችው፣ «በጥድፊያ ምኑ ይለያል?»
ደግሞ አልጠየቃት።
እኔ ግን እናቴን አውቃታለሁ፤
ጥቁር ክርን ከጥቁር ሰማያዊ
መብራት በጠፋ ማታ፣ በሻማ የምትለይ ሴት ናት።

በሦስተኛው ቀን የጋሪ ነጂው የቱሉ ልጅ፣ ኤብሳ፣
ሱሪ በፌስታል ይዞ በረንዳው ላይ ቆመ፤ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።
አምና የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን የሰፋችለት ልጅ ነው፤
ከጭን እስከ ጉልበት ተተርትሯል። «ሚስማር ይዞኝ ነው።»

አባቴ በርጩማው ላይ ነበር።
ሱሪውን አየ።
ስፌቱ ውስጥ የተጋገረውን ዱቄት አየ።
የልጁን ጉልበት፣ ያልጠገገውን ጭረት አየ፤
አየና ብዙ ቆየ።
ከዚያ ቆርቆሮዋን በእግሩ ወደ እናቴ ገፋ አደረገና
«ድርብ ክር አድርጊበት» አለ።
ሂሳብም አልተጠየቀ።

አሁንም እሑድ እሑድ ጨርቁን ይፈታል፤
ሁለቱን መርፌ፣ አንዱን ሞላ በዘይት ያሻል፤
ለብርሃን ያነሳቸዋል፣ ይቆጥራል፣ መልሶ ይጠቀልላል።
ሲመሽ ሲሞኖቩን አንግቶ ይወጣል፤
ሆዱ ውስጥ ያው የተሰበረው መርፌ ነው፤ አልቀየረውም።
ፋብሪካው አያውቅም።
እናቴ ታውቃለች። በሩ ድረስ ትሸኘዋለች፤
የካፖርቱን የላይኛውን ቁልፍ፣ እንዳይበርደው፣ ትቆልፍለታለች።