ቁልቁለት ሠሪዎች

ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ ቁልቁለት የላትም፤
ብስክሌት ያለ እግር አይጋልብባትም።
ስለዚህ ከሐይቁ ዳር፣ ከሾላው ጥላ ሥር
ቁልቁለት ይሸጣል፣ በሠላሳ ብር።

እኔ ብሎን አጥባቂ ነኝ። በኪሴ አሥራ ዘጠኝ ቁልፍ፣
ጎህ ሲቀድ እገባለሁ፣ አባ ኮዳው ሳይወርድ ከዛፍ፤
ሦስቱንም እዳብሳለሁ፦ የቱ ላልቷል? የቱ ይንኳኳል?
ልጆቹ «እትዬ ብሎን» ይሉኛል፤ ስሜ ጠፍቷል።

የመጀመሪያው የዱካሞ ነው፣ የመነኸሪያው በያጅ፤
ንድፉን በጠመኔ ያሰምራል፣ መሬት ላይ፣ በጋራዡ ደጅ።
አክስሉ ከአይሱዙ፣ ቧንቧው ካሮጌ አጥር፣
ወንበሩ ከአውቶብስ፤ ከጀርባው ገና ይነበባል የተሳፋሪ ቁጥር።
የዱካሞ ሐዲድ ማባበል አያውቅም፤
ሲያወጣህ ያዘግማል፣ ሲጥልህ አይነግርህም፤
ማጠፊያው ላይ ሲደርስ፣ እንደ ታክሲ ረዳት ክርን
«ጠጋ በል!» ብሎ ይገፋዋል ጎንህን።
ስትወርድ ጉልበትህ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ትስቃለህ፣
ከሰው ጋር ተጣልተህ እዚያው እንደታረቅህ።

ሁለተኛው እንጨት ነው፤ የአንጁሎ፣ የታንኳ ጠራቢው ልጅ።
«ብረት እንቢ ይላል» ይላል አንጁሎ፣ «እንጨት ግን እሺ ነው።»
የሱ ጉዞ ጫጫታ ነው፤ ይንቋቋል፣ ያቃስታል፣
በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤
ያው ሐዲድ፣ ያው ጋሪ፣ ሰኔ ላይ ሌላ ነው፣
ጥር ላይ ሌላ ነው።
ከፍታ የለውም። ግን ከጉብታ ጉብታ
መቀመጫው ካንተ ይለያል ለአንድ አፍታ፣
የከሰዓት ነፋስ ሐይቁን ሲመታ
ታንኳ እንደሚነሣ።
የዓሣ ገበያዋ ዘነቡ አንድ ቅዳሜ ሰባት ጊዜ ተሳፍራ፣
ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ፣
ወረደች፣ ሠሪውንም ሻጩንም እየረገመች በየተራ፤
ስምንተኛ ትኬት ቆረጠች።

ሦስተኛው ዘንዶ ነው።
ከባሕር ማዶ በኮንቴይነር መጣ፣ ከነመጽሐፉ፣ ከነቀለሙ፤
ከሆዱ ሥር ቁጥር አለ፤ የሠሪው ግን የለም ስሙ።
ኩርባው በስሌት ነው፤ አንገትህን አይነካም፤
ሻይ ይዘህ ብትገለበጥ ጠብታ አይፈስህም።
ጎረምሶች ፎቶ ይነሡበታል፤ ሰልፉ በሩን ያልፋል፤
ብሎኑ እንኳ ጨዋ ነው፤ መጽሐፉ ባለው ቀን ይላላል።

ዱካሞን አንድ ማታ በነፃ አሳፈርኩት።
ዐይኑን ጨፍኖ ዞረ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። «እህስ?» አልኩት።
«ጎበዝ ነው» አለ።
ዝም አለ።
«ግን ማን እንደጣለኝ አላወቅኩም።»

ከዚያ፣ የጥምቀት ማግስት፣ መብራት ጠፋ።
ዘንዶው አሥራ አራት ልጅ እንደያዘ ጫፍ ላይ ቀረ።
መጽሐፉን ገለጥን፤ ስለኛ መብራት አንድም ቃል አልነበረ።
አንጁሎ መሰላሉን ተሸክሞ መጣ፤
ዱካሞ ጫማውን አውልቆ ወጣ፣
ወጣ፣ ወጣ፣ ጋሪው ጋ ሊደርስ ክንድ ሲቀረው
ቆመ።
ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ እናቶች ከታች ይጣራሉ፤
እሱ በአውራ ጣቱ አንድ መገጣጠሚያ ይዳብሳል።
«እትዬ ብሎን!» አለኝ ከላይ፣ ሎተሪ እንደወጣለት፣
«ይቺን ሰው ነው የበየዳት!
እዚህች ጋ እጁ ዝሏል። እዚህች ጋ ቆም ብሎ ተንፍሷል።
ምሳ ሳይበላ ነው መሰለኝ።»
«ዱካሞ፣ ልጆቹን!»
«ቆይ፣ ቆይ» አለ፤ ጣቱን አላነሣም፤
ስሙን እንዳልያዘው ዘመድ፣ ሰላም ብሎት አልጨረሰም።

ልጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። አንዱ ቁርስ ምሳውን ዱካሞ ትከሻ ላይ አስቀመጠ።
አንጁሎ መሰላሉን እንደያዘ ክንዱ አበጠ።

አሁን ጎህ ሲቀድ እወጣለሁ፤ ያቺን ሳልነካ አልወርድም።
ቀለሟ በጣቴ እየተላጠ ነው።
ሥራ አስኪያጁ «ይቀባ» ይለኛል።
«ነገ» እለዋለሁ።