ልኬት

መጀመሪያ ያወቀችው ልብስ ሰፊዋ ኦርቴንሲያ ናት፤
መርፌ በከንፈሯ፣ ሜትር ባንገቷ ያላት።
በካስትሮ ወደብ፣ ከባሕር ላይ በእግረ እንጨት በቆመ ቤት፣
ዝናብ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ሰዓት፣
ለአራት ዓመቷ አይሌን ቀሚስ ስትለካ፣
እጅጌው ሰፋ፤ ወገቡ ግን ጠቦ ጎኗን ነካ።

«ባለፈው ወር ነው የሰፋሁት።
ጉንጯ እየከሳ ሆዷ ብቻ? በግራ ብቻ? አልወደድኩት።»
እናቷ ሳቀች፤ «ድንች ነው፣ ድንች ትወዳለች» አለች።
ሰፊዋ ጠመኔ አነሣች፤
በቀሚሱ ላይ፣ ከጎድኗ በታች፣
ያበጠውን ዳር ዳሩን ተከትላ፣ እንደ ደሴት አሰመረች።
ሌላ ምንም አልተናገረች፤
«ነገ ሐኪም ቤት» ብቻ አለች።

ከዚያ ወደ እኔ መጣ፤ አንድ ብልቃጥ፣ ክዳኑ ሐምራዊ።
እኔ ዶሚቲላ ነኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣
ከሰው ፊት ይልቅ የሰው ደም የማውቅ ሴት።
ጠብታውን በመስታወት ስቤ፣ ቀለም አጠጥቼ ባይ፣
ነጭ ተደርቦ ታየኝ፣ ነጭ በነጭ ላይ።
ነጭ ሲበዛ ሠርግ ነው ይላል የማያውቅ ሰው፤
እኔ ሠርገኛው ሲበዛ፣ ቤቱን ነው የማየው።

ሦስት መቶ አርባ ሺህ።
ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት። ሦስት መቶ አርባ ሺህ።
በጣቴ ቆጠርኩ፤ ጨቅላው፣ ጎረምሳው፣ የበሰለው ሴል በአንድ ሜዳ፣
ከመቅኒ ጓዳ ሳይጠራ የወጣ፣ ባለቤቱን ያስለቀቀ እንግዳ።
ይህን በሽታ አውቀዋለሁ፤ የጡረተኛ ነው፤
ፖስታ አዳዩ ነበረበት፤ ጀልባ ጠጋኙም የሞተው በእሱ ነው።
በሕፃን ላይ ግን
ያነበብኩት ከገጽ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል ነው።
ሐኪሙ በስልክ «ኢንፌክሽን ይሆናል» አለኝ፤ ደግ ሰው ነው።
ኢንፌክሽንን እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

መቅኒዋ በበረዶ ሳጥን ወደ ዋናው ምድር ሊሻገር፣
ማዕበል ጀልባውን አስሮት፣ ሌሊቱን ከወደቡ አደረ፤
እኔም ከሳጥኑ ጋር።

በአሥረኛው ቀን መልሱ መጣ።
ዘጠነኛውና ሃያ ሁለተኛው፣ ጎረቤት ያልነበሩ ሁለት፣
ድንበር አፍርሰው፣ ጫፍ ተለዋውጠው፣ ማንም ባላየው ሌሊት፤
ቀይ ነጥብና አረንጓዴ ነጥብ፣ ተራርቀው ሊያበሩ ሲገባ፣
ቢጫ ሆነው ተገኙ፣ አንዱ ካንዱ ጎን ገብቶ ሲያባባ።
ያን የተቆረሰ ክር በአንድ ከተማ ስም ይጠሩታል፤ ፊላደልፊያ፤
«የወንድም ፍቅር» ማለት ነው።
አይሌን አንድ ወንድም አላት፤ ጥርስ ገና ያላበቀለ።
ይህን ስም ያወጣላት ማን ይሆን፣ እንዲህ የቀለደ?

እናቷ «ድንች ነው ብዬ» አለች። ደጋግማ። «ድንች ነው ብዬ።»

አሁን ክኒኗን በተፈጨ ፖም ለውሰው ይሰጧታል በየማታው።
በየወሩ ኦርቴንሲያ ያንኑ ቀሚስ አልብሳ፣
ካለፈው መስመር ውስጥ ሌላ መስመር ታሰምራለች፣ ጠመኔዋን አንሥታ።
እኛ በጥቃቅን ሴል ያየነውን፣ እሷ በክር አየች፤
ወገቡ የጠበበ ዕለት፣ ሰፊዋ ናት የጠበበች።
ደሴታችንን ማዕበል በበላው ቁጥር ደረት እንመታለን፤
ይህቺን ደሴት ግን፣ ባሕር ሆይ፣ ጠራርገህ ውሰዳት እንላለን።

ክኒኑ መራራ ነው።
ትናንትም ተፍታዋለች፤ በአባቷ ጫማ ላይ።