ጦ አሥራ ሰባት

ጦሳ ጫፍ ከቆመች ከአንዲት ጎባጣ ወይራ፣
ቅጠል ቀጥፌ ወረድኩ ጉም መንገዴን ሲመራ፤
ላዩን በአልኮል አጥቤ ሆዱን በምላጭ ስከፍት፣
አንድ ነጭ ሻጋታ አገኘሁ፣ ተከራይቶ ጓዳ ቤት።
እሱ ቅጠሉን አያሳምም፣ ቅጠሉም እሱን አያባርር፣
እንደ ወሎ ጉርብትና፣ ማን የማን ዘመድ እንደነበር
ለእንግዳ ሰው አይለይም።

«ጦ አሥራ ሰባት» ብዬ ብልቃጡ ላይ ጻፍኩለት፤
ስኳር አቀረብኩ፣ በላ፤ ሞቀው፣ ወፈረ፣ ተኛበት።
ሦስት ሳምንት አፉን ዘጋ። ደብተሬ ያው የእኔን ቃል፣
«ቀለም የለም፣ ሽታ የለም፣ ምርቱ ባዶ» ይላል።
መምህር አሊጋዝ መጡና ከመነጽራቸው በላይ አይተው
«ሰነፍ ነው» አሉ፣ «ሉባባ፣ ቦታ አይያዝብሽ፣ ድፊው።»

አባቴ ቀጥቃጭ ነው፣ ኩታበር ዳገቱ ሥር።
ማጭድ ሊያስሞርድ የመጣ፣ ደጁ ቆሞ ሲከራከር፣
«ዓይኑን!» ብሎ ይሸሸዋል፤ ከእጁ ውሃ አይቀበልም።
ማታ እናቴ በመርፌ (ይህ ከፊቴ አይጠፋም)
ከጥፍሩ ሥር ታወጣለች ቀይና ጥቁር ዱቄት።
እጄን ወደ መደርደሪያው የገፋው ያ ይሆን? ምናልባት።

ዚንክ ሰጠሁት፣ ትንሽ ተገላበጠ።
ብረት ሰጠሁት፣ ሆዱ ብቻ አበጠ።
መዳብ ግን፣ ያቺ ሰማያዊ ጨው፣ ከጠብታም ያነሰች፣
ወጥ ቀማሽ በጣቷ ጫፍ የምትቆነጥራትን ያከለች፣
ሐሙስ ማታ ጣል አድርጌ፣ መብራት ሄደ፣ ቤቴ ገባሁ።
ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት ቁልፉን እንደያዝኩ ቀረሁ፤
የበሰለ በለስ ሆድ መስሎ፣ ቀይ፣ ጠርሙሱን ሞልቶታል፤
በጀርሞች ማሳ ብተክለው ዙሪያው ጠፍ ክብ ይሆናል።

ስስታም አትሁኚ ብዬ እጥፉን ጨመርኩለት።
በማግስቱ ሞቶ አገኘሁት።

ለካ የቃልና የመርዝ ድንበር ያቺው ናት፣ አንዲት ጠብታ።
ያናገረው ደስታ አይደለም፤ መዳብ አስፈርቶት ማታ
በጨለማ ጋሻ ሠራ፤ እኛ መድኃኒት የምንለው
የፍርሃቱ ላብ ነው።

ለአባቴ ደወልኩ። «ምን አቀመስሽው?» ጠየቀ።
«መዳብ» አልኩት። ከጀርባው የወናፉ ትንፋሽ ራቀ።
ቆየ። ከዚያ እንደ መሳቅ ብሎ፣
«እንዲያ ከሆነማ…
ከእጃችን ተቀበለ በይኛ።»