ኩርንችት

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሽምብጥ መታጠፊያ፣
ጎማ እለጥፋለሁ፣ ዋርካው ነው መጠለያ።
እንጀራ ሰጪዬ ሹም አይደል ባለሀብት፣
ባለ ቀንድ ፍሬ ነው፣ ስሙም ኩርንችት፤
በበጋ ሐይቁ ሸሽቶ አሸዋው ሲገለጥ፣
በሆዱ እየተሳበ መንገድ የሚያቋርጥ።

ተማሪው ይመጣል ብስክሌቱን ገፍቶ፣
ሰዓቱን እያየ፣ ላብ ጉንጩን ሞልቶ።
ከመነዳሪውን ሳፋ ውስጥ እነክራለሁ፣
አረፋው ሲወጣ በጣቴ እደፍናለሁ፣
እሾኹን በወረንጦ ነቅዬ ጣሳ ውስጥ እጥላለሁ።

ሰፈሩ አይተወኝም፦ «ሌሊት ተነሥቶ፣
ይርሳው ነው የሚዘራው፣ በጣሳ አምጥቶ።»
እስቃለሁ።
ሐምሌ ላይ፣ ሥራ የጠፋ ለት፣
እውነቱን ልናገር፣ አስቤው አውቃለሁ።

አንድ ቀን እትዬ አንጓች፣ በታንኳ ተሻግረው፣
ቅጠላ ቅጠሉን በእንቅብ ተሸክመው፣
«ያን ጣሳ ስጠኝ» አሉኝ።
«ቆሻሻ እኮ ነው!»
«ላንተ ቆሻሻ ነው። ሽንት ማጥ ለያዘው፣
የኩላሊት ጠጠር ሌሊት ለሚያስጮኸው፣
ከነቀንዱ ወቅጦ፣ አፍልቶ፣ አጥልሎ፣ ጠዋት ማጠጣት ነው።»
«ሥሩስ?»
«ሥሩን አልነግርህም። ሥሩ የኔ ነው።»
ጣሳዬን ገልብጠው ሊሄዱ ሲሉ፣ ዞር ብለው፣
«ለመሆኑ አበባውን አይተኸው ታውቃለህ?» አሉኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በእሾኹ ስኖር፣
አበባ ይኖረዋል ብዬ አስቤም አላውቅ ነበር።

ግንቦት ካፊያ ጥሎ፣ ገና ሳይሞቅ ጠሐይ፣
ወረድሁ ወደ ዳር፣ ጉማሬ ረግጦት ያለፈው አሸዋ ላይ።
ጎንበስ ብል አገኘሁት፣ ከሸሚዝ ቁልፍ ያነሰ፣
ቢጫ፣ ባለ አምስት ቅጠል፣ ንብ ስታርፍበት
ምድር የዳሰሰ።
ዕድሜው ግማሽ ቀን ነው። ይረግፋል፤ እዚያው ከእንብርቱ ላይ
ሌላ ነገር ይጠነሰሳል፣ ቀንድ ያለው፣
ከወዲሁ ጎማ የሚያይ።

ልነቅለው ነበር፤ ስለ ብስክሌቱ፣ ስለ ተማሪው።
ልተወው ነበር፤ ስለ ልጆቼ ምሳ፣
ግድግዳ ለይቶን ሌሊት ስለሚያቃስተው።

እጄ መሐል መንገድ ቀረ።
ከኋላዬ አንድ ነገር ፍሽሽ... ብሎ ተነፈሰ፤
ዞር ስል፣ ያቆምሁት የራሴው ብስክሌት
በፊት እግሩ አነከሰ።